ውሃ ውስጥ የነከርኩት ወረቀት

ልጅ ሳለሁ ደብረ ማርቆስ ከጓደኞቼ ጋር በጠረጴዛ ላይ የሠራነው የጉሊት ኮረብታ በአብዛኛው የለበሰው የአያቴን የእጅ ጽሑፍ ነበር። አያቴ አርበኛ ነበሩ። ወረቀቱን ከሳጥን ያወጣሁት፣ ውሃ ውስጥ የነከርኩት፣ በሙቀጫ የወቀጥኩት እኔ ነኝ። ጓደኞቼ የማን እንደሆነ አላወቁም። ዘመዶቼም እስከዛሬ ከእኔ አልሰሙም።

መምህራችን ጣሊያን ከአገር የወጣበትን የ1933 ዓ.ም. ዘመቻ ሲያስተምሩን ልባችን በዚያው ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ገቡ። በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው፣ ሱዳናውያንና ኢትዮጵያውያን ወታደሮች ያሉበት የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ጠላትን ከቡሬ ወደ ደምበጫ፣ ከዚያም ደብረ ማርቆስ አፋፍ ወዳለው ወደ ጉሊት ምሽግ ገፋው። በቁጥር የሚበልጣቸውን ጦር ሌሊት ሌሊት እየተጠጉ በቦምብና በሳንጃ ያስጨንቁት ነበር፤ ጣሊያን ከፊቱ ያለው ሠራዊት ስንት እንደሆነ ማወቅ ተሳነው። መጋቢት 28 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ይህ ሁሉ እኛ በየቀኑ በምንረግጠው መሬት ላይ መሆኑ አላስተኛንም። መሬቱን በጠረጴዛ ላይ ሠርተን ጦርነቱን በሉዶ ዳይስ ልንጫወተው ተነሣን። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ በ1913 እ.ኤ.አ. ለአሻንጉሊት ወታደሮች ጦርነት ሕግ አውጥቶ መጽሐፍ እንዳሳተመ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

መሬቱ የተነሣው ከሱቅ ለምነን ባመጣነው ካርቶን ነው። በካርታ ላይ ባለው የከፍታ መስመር ልክ እየቆረጥን አንዱን በሌላው ላይ ደረብነው፤ የዓባይ ሸለቆ እንዲህ ሲሠራ እርከን በእርከን ሆኖ ይወርዳል፣ በጣም ያምራል። የፈተነን ቁመቱ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትርን አንድ ሳንቲ ሜትር ብንል፣ ከ4,000 ሜትር በላይ የሚቆመው ጮቄ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ከተማችን በላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ጉብታ ሆኖ ሊቀር ነው። ስለዚህ ከፍታውን ብቻ አራት እጥፍ አደረግነው። ለታረሰ ማሳ የደረቀ የቡና አተላ፣ ለገደል የከሰል ዱቄት፣ ለታጨደ ማሳ የጤፍ እብቅ ነሰነስን። የጽድ ጫፍ እየቀነጠብን በሰም ተከልን። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ ነበሩ፣ ክዳናቸው ከመጥረጊያ የተመዘዘ ሣር።

እርከኑን የሚሸፍነው ልብስ ግን ከወረቀት ነው የሚሠራው። ወረቀት ተቀዳዶ ውሃ ውስጥ ያድራል፤ ተጨምቆ ይወቀጣል፤ በፈላ ውሃ ከተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ጋር ይታሻል። ጨው ካልገባበት በክረምት ይሻግታል፣ እሳት ዳር ካደረቁት ይሰነጠቃል። ያለንን አሮጌ ደብተር ሁሉ ጨርሰን ጉሊት ገና ባዶ ካርቶን ነበር። ጋዜጣ ደግሞ ያን ጊዜ ሰው ግድግዳ ይለጥፍበታል እንጂ ለልጅ ጨዋታ አይሰጥም።

በእማሆይ ሳጥን ሥር በቆዳ ከረጢት የተቀመጠ ወረቀት እንዳለ አውቅ ነበር። እማሆይ የምላቸው ሴት አያቴን ነው፤ ባለቤታቸው፣ አርበኛው አያቴ፣ ካረፉ በኋላ መንኩሰዋል። ማንበብ አይችሉም። ከረጢቱን በዓመት አንዴ አውጥተው አቧራውን ያራግፉና መልሰው ያስቀምጡታል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን በሄዱበት አንድ ጠዋት ፈታሁት። የግብር ደረሰኝ ነበረበት፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነበረበት፣ ከሁሉም የሚበዛው ግን አያቴ በእጃቸው የጻፉት የስም ዝርዝር ነው። አብረዋቸው የዘመቱ ሰዎች፣ አገራቸው፣ የወደቁም የወደቁበት ቦታ። አያቴ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ስለነበሩ፣ በብራና ላይ የቅዱሳን ስም እንደሚጻፈው የሞቱትን በቀይ ቀለም ጽፈዋቸዋል።

ሳላነብ ነው የነከርኩት ብል ነውሩ በቀለለልኝ። አነበብኩት። ያነበብኩት ግን የቦታ ስም ፍለጋ ነው፤ ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከጎዛምን የተጠቀሱ ቦታዎችን ለካርታችን ቀዳሁ። የሰዎቹን ስም ዓይኔ እየዘለለ አለፈው። መምህራችን ባነበቡልን ታሪክ ውስጥ የሌለ ሰው ለእኔ ጉዳይ አልነበረም። ከዚያ ቀዳድጄ ባልዲ ውስጥ ጨመርኩት። ቀድሞ የለቀቀው ቀዩ ነው፤ ውሃው ቀላ፣ ያቦካነውም ወረቀት የአገራችንን ቀይ አፈር መሰለ። ደስ አለኝ። ለጓደኞቼም ‘ቀለም መቀባት እንኳ አላስፈለገንም’ አልኳቸው።

በጨዋታው ጣሊያኖች ጥቁር ቆርኪ ነበሩ፣ በጀርባቸው የሻለቃቸው ቁጥር ተጽፎባቸዋል። የዊንጌት መኮንኖች እያንዳንዳቸው በስማቸው የተጠሩ ቁልፎች ነበሩ። አርበኞቹን ሽምብራ አደረግናቸው፤ ስማቸውን አናውቅማ። ስማቸው ከሽምብራው ሥር፣ ኮረብታው ውስጥ ነበር።

እማሆይ ባዶውን ከረጢት ያገኙት ዓመቱ ዞሮ ሊያራግፉት ሲያወጡት ነው። ማንንም አልጠረጠሩም። ‘ሳጥኑን እርጥብ መሬት ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ፣ ምስጥ በልቶት ነው’ አሉ። ምስጥ ወረቀት ሲበላ ከረጢቱን እንደማይተው አውቃለሁ፤ እሳቸውም ሳያውቁት አይቀሩም። እኔ ግን ‘ምስጥ ይሆናል፣ እማሆይ’ ብዬ አረጋገጥኩላቸው። ከሠራሁት ሁሉ ይቺን ቃል እፈራታለሁ። ወረቀቱን ሳጠፋ ዋጋውን አላወቅሁም፤ ይህን ስናገር አውቄ ነው የዋሸሁት።

የንስሐ አባታቸው ቤት በመጡ ጊዜ ጓዳ ሆኜ ሰማኋቸው፤ ‘አባ፣ የባሌን አደራ በላሁ’ አሉ። አባ ምን እንዳሏቸው አልሰማሁም። ከዚያ በኋላ ግን ስግደታቸው ጨመረ። ጉልበታቸው የደከመ ሰው፣ በሌሊት፣ በኔ ኃጢአት ሲሰግዱ እየሰማሁ ተኛሁ። መውጣትና መናገር እችል ነበር። ይቆጡኝ ይሆናል እንጂ ከቤት አያስወጡኝም። አልተናገርኩም። እሳቸውም በዚያው አረፉ።

ካደግሁ በኋላ ከጣሪያ ሥር የተረፈውን የኮረብታውን ቁራጭ አምጥቼ በለብ ያለ ውሃ ዘፈዘፍኩት። ሙጫው ለቀቀ፣ ወረቀቱ ግን አንዲት ፊደል አልመለሰልኝም። ከዚያ በካርታችን ላይ ወደቀዳኋቸው ቦታዎች ሄጄ ሽማግሌዎችን ጠየቅሁ። ጥቂት ስም አገኘሁ፤ ደብተሬ ላይ አለ፣ የነጋሪው ስምም አብሮት አለ። ካህናትንም ጠየቅሁ፤ እነሱ ሙታንን በጸሎት የሚያነሡት በክርስትና ስም ነው። በጸሎት የሚነሣው አንድ ወልደ ሚካኤል የትኛው ዘማች እንደነበር የሚያገናኝልኝ አያቴ የጻፉት ወረቀት ብቻ ነበር።

ዛሬ ልጆች ከካርቶንና ከወረቀት ተራራ ሲሠሩ ሳይ አሁንም ደስ ይለኛል፤ እኔም የአገሬን መሬት የለየሁት በዚያ ሥራ ነው። የእንቁላል ካርቶን ከደብተር ወረቀት የተሻለ ይቦካል፣ ዛሬ በየሱቁ አለ። በእጅ የተጻፈ ነገር ግን ባልዲ አጠገብ አታድርሱ፤ የቤቱን ትልቅ ሰው ሳትጠይቁ ከሳጥን አታውጡ።

ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከጎዛምን የሆናችሁ፣ በቤታችሁ ‘አባታችን ጉሊት ላይ ወደቀ፣ የጦር ጓዱ በወረቀት ጽፎታል’ ሲባል የሰማችሁ ካላችሁ፣ እውነት ነው፣ ተጽፎ ነበር። ምስጥ አልበላውም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የአባታችሁን ስም ንገሩኝ፤ በደብተሬ ላይ በቀይ እጽፈዋለሁ።