ቀድሞ መግባት ቀድሞ መድረስ ነውን?

ከቢጠና ወደ ወላይታ ሶዶ የምትጓዙ እናቶች፣ በመናኸሪያ «ቦታ ልያዝልሽ» ለሚላችሁ ሰው ከታሪፉ በላይ ከመክፈላችሁ በፊት ጥቂት አስቡ። ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ ፊት የገባም ኋላ የገባም ሶዶ የሚደርሰው እኩል ነው። እንዲያውም ቀድማ የገባችው ሕፃኗን ታቅፋ በጋለ መኪና ውስጥ ብዙ ትቆያለች። በአውሮጳም እንደ ራያንኤር ያለው ርካሽ አየር መንገድ ቀድሞ ለመሳፈር ያስከፍላል፤ ትርፉ ተጨማሪ የእጅ ሻንጣ ይዞ መግባት እንጂ ቀድሞ መድረስ አይደለም። እርግጥ በመስከረም፣ በጊፋታ ሰሞን፣ መኪና ያጥራል፤ ያን ጊዜም ማልዶ መውጣት ከደላላ ይሻላል። ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም የታመመ ልጅ ይዛ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ለምትሄድ እናት ግን ምቹ መቀመጫ ቅንጦት አይደለም። እርሷ ልትከፍልበት አይገባም፤ ተነስተን ልንለቅላት የሚገባን እኛ ተሳፋሪዎቹ ነን።