ከጉልበት በፊት መሪ

አሮጌ መኪና ማፍጠን ያማረው ሰው ገንዘቡ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ሞተሩ ነው። የእኔን ዲኤክስ ኮሮላ ሳሠራ ብሬ የሚበቃው ለአንዱ ብቻ ነበር፤ መሪዋን አስቀደምኩ።

የእኔዋ መሪ የሚሠራው በሳጥን ውስጥ በሚዞሩ ጥርሶች ነው። ሳጥኑ ሲያረጅ ይላላል፤ መሪውን ትንሽ ብታዞሩት ጎማው አይሰማችሁም። ራክ የሚባለው ግን ጥርሳም ዘንግ ነው፤ መሪው ሲዞር ግራና ቀኝ እየተንሸራተተ ጎማውን ይገፋል። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተመረተችው ኮሮላ ኤኢ86 ከፋብሪካ የወጣችው ራክ ይዛ ነው።

ታዲያ ራክ ገዝቶ መግጠም ብቻውን አይበቃም። ከፍታው ካልተስተካከለ መኪናዋ ጉድጓድ ስትገባ እጃችሁ ሳይነካው ጎማው በራሱ ይታጠፋል። ጥርሱ ፈጣን የሆነ ራክ ደግሞ ትንሽ ዙር ቢበቃውም ክንድ ይፈልጋል። ስለዚህ መካኒኩ ደጋግሞ ለካ፤ እኔም አላይመንት ሳላሠራ ወደ ቀለበት መንገድ አልወጣሁም።

ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 3 ትልቅ መርከብ የምታዞረውን ትንሽ መሪ ያነሳው ስለ አንደበት ሲናገር ነው። እኔ ደግሞ እላችኋለሁ፦ ገንዘብም ይሁን ዕውቀት ወይም ዝና ጉልበት ሲጨመርላችሁ አስቀድማችሁ መሪያችሁን ፈትሹ። ቦሌ መድኃኔዓለም ጋ ልጇን ይዛ የምትሻገር እናት የሞተራችሁን ድምፅ ትሰማ ይሆናል፤ በሰላም ቤቷ የምትገባው ግን መሪያችሁ ሲታዘዝ ነው።