ላይፍ ጃኬት ማሰር እምነት ማጣት ነውን?

"ፓስተር፣ የሚጠብቀን ጌታ አይደለም እንዴ? ይህ ሁሉ መታጠቂያ ለምን ያስፈልጋል?" በየዓመቱ በግንቦት የጀልባ ቀዘፋ ፕሮግራማችንን ስንከፍት ይህን የሚለን ሰው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ቀልድ ቀላቅሎ ነው የሚጠይቀን፤ ጥያቄው ግን የቀልድ ስላልሆነ መልስ ይገባዋል።

ለማታውቁን ጥቂት እንበል። ቤተ ክርስቲያናችን በሲያትል ደቡብ በኩል ናት። ከዋሽንግተን ሐይቅ የምንርቀው በመኪና ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ሐይቁን የምናየው በድልድዩ ላይ ስናልፍ ብቻ ነበር። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ዋና አልተማርንም፤ ውኃ ሲባል ትዝ የሚለን የክረምት ደራሽ ጎርፍ ነው። ልጆቻችን ግን እዚህ ያደጉ ናቸውና ሐይቁ ሰፈራቸው ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት በሱወርድ ፓርክ አጠገብ ወላጅና ልጅ አብረው ካኑና ካያክ የሚቀዝፉበትን ፕሮግራም ጀመርን። ደመወዝ የሚከፈለው ሰው የለም፤ ሁሉም በጎ ፈቃደኛ ነው። ጎረቤቶችም ይመጣሉ፤ ማንንም ስለ እምነቱ አንጠይቅም።

ካኑ ላዩ ክፍት የሆነ ጀልባ ነው። ሁለት ሰው ሲቀዝፈው ከፊት ያለው የምቱን ልክ ይሰጣል፤ አቅጣጫውን በአብዛኛው የሚይዘው ግን ከኋላ ያለው ነው። ከፊት የተቀመጠው ደግሞ ከኋላው ያለውን አያይም። እንግዲህ አባት ከፊት፣ የ15 ዓመት ልጁ ከኋላ ሲቀመጡ ምን እንደሚሆን ገምቱ! አባት በአማርኛ ያዛል፤ ልጅ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፤ ጀልባዋ እዚያው ትዞራለች። ሦስት አራት ቅዳሜ ሲያልፍ ግን "ግራ" እና "ቀኝ" የሁለቱም ቋንቋ ይሆናሉ። በምክር አገልግሎት ብዙ ወራት የሚወስድ ኩርፊያ እዚያ ውኃ ላይ ሲላላ አይተናል። (ወጣቶቹ የሚመርጡት ካያክ ነው፤ ብቻቸውን ስለሚቀመጡ የሚከራከራቸው የለም።)

ወደ ጥያቄው እንመለስ። በግንቦት ፀሐዩ ሞቅ ይላል፤ የሬይኒር ተራራ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ሰው በቲሸርት ይመጣል። ውኃው ግን ገና ከክረምቱ አልወጣም። ካናዳዊው ተመራማሪ ጎርደን ጊስብሬክት ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያስተምር 1–10–1 የሚል መመሪያ አለው። ትንፋሽን ለመቆጣጠር 1 ደቂቃ፣ እጅና እግር በሚገባ የሚታዘዙበት 10 ደቂቃ፣ ከቅዝቃዜው የተነሣ ራስን እስከ መሳት 1 ሰዓት ያህል ማለት ነው። በመጀመሪያዋ ደቂቃ ሰው ሳይወድ ያለከልካል፤ በዚያን ጊዜ አፉ ከውኃ በታች ከሆነ የሚስበው ውኃ ነው። ጎበዝ ዋናተኛም ከዚህ አያመልጥም። ላይፍ ጃኬቱ ያችን ደቂቃ ያሻግራል። የዋሽንግተን ግዛት ሕግ ከ19 ጫማ ባነሰ ጀልባ ላይ 12 ዓመትና ከዚያ በታች የሆኑ ልጆች እንዲለብሱት ያዛል፤ ለአዋቂው ግን ጃኬቱ በጀልባው ውስጥ መኖሩ ይበቃል ይላል። እኛ ዘንድ አይበቃም። እግር ሥር የተጣለ ጃኬት በዚያች ደቂቃ ለማንም አይደርስም፤ ስለዚህ ሽማግሌም ሆነ ፓስተር አስሮ ይገባል።

ታዲያ እምነትስ? የሐዋርያት ሥራ 27ን ረጋ ብላችሁ አንብቡ። በመርከቡ ላይ 276 ነፍሳት አሉ። ከእነርሱ አንድ እንኳ እንደማይጠፋ ጳውሎስ ከእግዚአብሔር መልእክት ተቀብሏል፤ ይህንንም ለሁሉም ነግሯቸዋል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ተስፋ ከየት ይመጣል? ወረድ ስንል ግን መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው በትንሿ ጀልባ ሊሸሹ ሲሉ፣ ያው ጳውሎስ እነርሱ ከሄዱ የቀሩት እንደማይተርፉ ለመቶ አለቃው ያስጠነቅቃል። ተስፋውን ይዣለሁ ብሎ መርከበኞቹን አላሰናበተም። በመጨረሻም ዋና የሚችሉት ዋኝተው፣ የቀሩት በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆነው ወደ ምድር ወጡ። በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን ስለ እግዚአብሔር ሉዓላዊነትና ስለ ሰው ኃላፊነት ብዙ ገጽ ጽፈናል፤ እንደዚያ ሳንቃ ያስረዳን ግን አላገኘንም።

በጎ ፈቃደኛ ስንፈልግም ይህንኑ እናስባለን። ማስታወቂያ ሲነገር እጁን የሚያወጣ ብዙ ነው፤ ለዚህም ጌታ ይመስገን። የምንፈልገው ግን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል መጥቶ ነፋሱን የሚያይ ሰው ነው። ከዳር ወደ መሐል የሚነፍስ ነፋስ አታላይ ነው፤ ዳር ላይ ውኃውን ጸጥ ያለ ያስመስለዋል፤ ክፋቱ የሚታወቀው ርቀው ሄደው መመለስ ሲያቅት ነው። እንዲህ ባለ ቀን መሪው "ዛሬ አንወጣም" ማለት አለበት፤ ሠላሳ ሰው ምሳውን ቋጥሮ ቢመጣም። ይሉኝታ የሚያሸንፈው ሰው መልካም ወንድም ሊሆን ይችላል፤ ጀልባ ግን አይምራ።

አንዲት እኅት አለችን፤ ይህን የምንጽፈው ፈቃዷን ጠይቀን ነው። ከጅቡቲ ዳርቻ ተነሥታ በሌሊት ወደ የመን ተሻግራለች። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካርታ ላይ ምንም አይመስልም። በዚያች ጀልባ አንድም ላይፍ ጃኬት አልነበረም፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ግን ይጸልይ ነበር። አብረዋት ከተሳፈሩት ያልደረሱ አሉ። ልጇ 13 ዓመት ሲሞላው መቅዘፍ ፈለገ፤ እርሷ እንቢ አለች። ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ስለ ፍርሃት ሊሰብክላት ሲጀምር ባለቤቱ ክርኑን ይዛ ዝም አሰኘችው፤ ደግ አደረገች።

እኅታችን ጸሎት አልጠየቀችንም። ጃኬቱን አሳዩኝ አለች። አገላበጠችው፤ ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ጎተተች። ከዚያ ልጇን አልብሳ ትከሻው ላይ ይዛ ወደ ላይ ሳበችው፤ ጃኬቱ እስከ ጆሮው ወጣ። "ይህ ሰፊው ነው፤ ሌላ አምጡ" አለችን። ልኩ ተገኘና በዚያው ቅዳሜ ገባ።

እርሷ እስከ ዛሬ ጀልባ ላይ አልወጣችም፤ እኛም ውጪ ብለናት አናውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ዳር ቆማ የእያንዳንዱን ሰው ማሰሪያ የምትፈትሽ እርሷ ናት። ሲወጡ ትቆጥራለች፤ ሲመለሱም ትቆጥራለች። ቁጥሩ እስኪገጥም ድረስ የቡናውን ቴርሞስ አትከፍትም።