ፈውስ ዛሬም አለ? ከእንፍራንዝ ኮረብታ ላይ

ጎንደር ገብታችሁ የፋሲልን ግንብ ብቻ አይታችሁ የምትመለሱ ከሆነ አንድ ቀን ጨምሩና ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን አስፋልት ይዛችሁ ወደ ደቡብ ውረዱ። አዘዞንና ጠዳን አልፋችሁ፣ ማክሰኚት ላይ ቡና ጠጥታችሁ፣ ጤፍና ሽምብራ የሚዘራበትን ሜዳ እያያችሁ ጥቂት ስትጓዙ እንፍራንዝ ትደርሳላችሁ። (ከ2023 ወዲህ ክልሉ ግጭት አይቷልና ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ የአካባቢውን ሰው ጠይቁ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ታሪኳ ግን ትንሽ አይደለም። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ኮረብታ ላይ የቆመው የጉዛራ ግንብ በአፄ ሠርጸ ድንግል ዘመን (1563–1597) እንደ ተሠራ ይነገራል፤ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ ከመሆኗ በፊት ማለት ነው። ከድንጋይና ከኖራ የተሠሩት ክብ ማማዎቹ ዛሬም ይታያሉ። ከላይ ሆናችሁ ወደ ምዕራብ ስትመለከቱ የጣና ሐይቅ ተዘርግቶ ታያላችሁ። እዚህ ቁጭ ብላችሁ አንድ ነገር አብረን እንድናስብ እፈልጋለሁ፤ በየቤተ ክርስቲያናችን፣ በየቤታችንም ባልና ሚስትን ሳይቀር የሚያከራክር ነገር ነው። በሐዋርያት እጅ የተገለጡት የጸጋ ስጦታዎች፣ ይልቁንም የፈውስ ስጦታ፣ ዛሬም አሉ ወይስ ከሐዋርያት ጋር አልፈዋል?

ጥያቄውን እዚህ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1699 ሻርል ፖንሴ የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ጎንደር ገባ። ታላቁ ኢያሱ በቆዳ ሕመም ተይዘው ስለ ነበር ሐጂ ዓሊ የተባለ ነጋዴ ከካይሮ ሐኪም እንዲያመጣላቸው ልከው ነበር። ፖንሴ ንጉሡን አክሞ ሲያበቃ በ1700 ወደ አገሩ ሲመለስ በእንፍራንዝ አለፈ፤ ስለ ከተማዋም ጽፏል፤ ሙስሊም ነጋዴዎች በግልጽ ሃይማኖታቸውን ይዘው የሚኖሩባት፣ ዝባድ የሚሸጥባት ከተማ እንደ ነበረች ይናገራል። ልብ በሉ፤ ንጉሡ ካህናት አላጡም፣ ጸሎት አላጡም፣ ጸበል አላጡም። በአብያተ ክርስቲያናት የተከበቡ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ሐኪም ፍለጋ እስከ ካይሮ ላኩ።

በዚህ አገር የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን «ተአምር ቆሟል ወይ?» ብለው ሲከራከሩ አትሰሙም። ጸበል ይወርዳሉ፣ ተአምረ ማርያም ይነበባል፣ የታመመ ይዘው ይሳለማሉ። ጥያቄውን ይዞት የመጣው የምዕራቡ ዓለም ተሐድሶ ነው። ካልቪን የፈውስ ስጦታ ወንጌሉ ለጊዜው እንዲታተም ተሰጥቶ እንዳለፈ ጽፏል። የፕሪንስተኑ ቤንጃሚን ዋርፊልድ ደግሞ በ1918 ባሳተመው መጽሐፉ ተአምራት የሐዋርያት ማረጋገጫ ነበሩና ከእነርሱ ጋር አብቅተዋል ሲል ተሟገተ። እነዚህ ሰዎች እምነት ስላነሳቸው አይደለም እንዲህ ያሉት። በዘመናቸው በየአጽሙና በየሥዕሉ የሚነገረውን ተአምር እያዩ፣ የእግዚአብሔር ቃል በተአምር ወሬ እንዳይሸፈን ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም።

ቢሆንም ከቃሉ ስነሣ ከእነርሱ ጋር መስማማት አልቻልሁም። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 13 ትንቢትና ልሳን የሚሻሩበትን ጊዜ ሲናገር ፊት ለፊት የምናይበትን ጊዜ አያይዞ ያነሣል። ይህ የጌታ መምጣት እንጂ የመጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ ማለቅ ነው ማለት ለእኔ ጥቅሱን ማጥበብ ነው። አውግስጢኖስም በወጣትነቱ እንዲህ ዓይነቱ ተአምር አልፏል ይል ነበር፤ በሽምግልናው ግን በሂፖ ከተማ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ወደ ሰባ የሚጠጉ ፈውሶች ተጽፈው እንደ ተያዙ ራሱ መሰከረ። አስጽፎ መያዙን አስተውሉ፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

በአገራችንም ቢሆን ጥያቄው በመጽሐፍ ብቻ የተፈታ አይደለም። ጣሊያን በ1937 ሚስዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ሃምሳ አይሞሉም ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለሱ አሥር ሺህ ያህል ሆነው ጠበቋቸው። ሚስዮናውያኑ የተአምር ሰባክያን አልነበሩም፤ አማኞቹ ግን ለታመመ ይጸልዩ ነበር፣ ጌታም ይሰማቸው ነበር። በ1960ዎቹ በተማሪዎች መካከል የጴንጤቆስጤ መነቃቃት ተነሣ፤ የሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በ1967 የእውቅና ጥያቄ አቅርባ ተከለከለች፤ በ1972 ብዙዎች ታሰሩ። መነቃቃቱ ወደ መካነ ኢየሱስ ሲገባ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1976 ስለ መንፈስ ቅዱስ ሥራ መክራ፣ ከማውገዝና ከማባረር ይልቅ በጉያዋ ይዛ መምራትን መረጠች። በእኔ አስተያየት ከተወሰኑት ውሳኔዎች ሁሉ ለአገራችን ወንጌላውያን ትልቁ ይህ ነው።

እንግዲህ ስጦታው አለ ካልን፣ ጎንደር ላይ የሚኖር ወንጌላዊ የሚፈተነው እዚህ ጋ ነው። ጎረቤቱ «በጸበል ዳንሁ» ስትለው «ማስረጃሽ የታለ? በቃሉስ እንዴት ነው?» ይላል። እሑድ መድረክ ላይ አንድ እኅት «ከካንሰር ዳንሁ» ስትል ግን «ሃሌ ሉያ!» ብሎ ይቀመጣል። ለጎረቤት ጠባብ ሚዛን፣ ለራስ ሰፊ ሚዛን! ሕጉ ሁለት ዓይነት ሚዛን እንዳይኖረን ይከለክላል (ዘዳግም 25፡13–15)። አውግስጢኖስ ያስጻፈው ለዚህ ነበር፤ ማን እንደ ተፈወሰ፣ ከምን እንደ ተፈወሰ፣ ማን እንዳየ ይታወቅ ዘንድ።

አሁን ወደ ቤታችሁ ልምጣ። ባልየው የስኳር ሕመምተኛ ነው እንበል፤ ኢንሱሊን ይወጋል። አንድ «ነቢይ» በስሙ ጠርቶ «ተፈውሰሃል፣ መርፌውን ጣል» ይለዋል። ሚስት ምን ታድርግ? እምነት የለሽ እንዳትባል ዝም ትበል? እኔ የምላችሁ ይህን ነው፤ እኅቴ ሆይ፣ ዝም አትበይ። ጳውሎስ ጥሮፊሞስን በሚሊጢን ታሞ ተወው (2ኛ ጢሞቴዎስ 4፡20)፤ ጢሞቴዎስን ስለ ሆዱ ሕመም ጥቂት ወይን ጠጅ ውሰድ አለው፤ ሉቃስንም የተወደደ ሐኪም ብሎ ጠራው። የጨርቁ ቁራጭ እንኳ ሕመምተኛ ይፈውስ የነበረ ሐዋርያ ነው ይህን ያደረገው። ስጦታው በእጁ ነበር፤ ቁልፉ ግን በጌታ እጅ ነበር። ጳውሎስ ያልደፈረውን የሚደፍር አገልጋይ ሲመጣ መፍራት ይገባል።

ይህ የእኛ ችግር ብቻ አይደለም። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መሰጠት ከጀመረ ከ2005 በኋላ፣ ጸበል ቦታ መድኃኒታቸውን የተዉ ብዙ ሰዎች ነበሩ። በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናገሩ። በዚህ ነገር ከእርሳቸው ብንማር አናፍርም። በእኛ መድረኮች ላይ መድኃኒት ያስጣሉ ሰዎች ነበሩና፤ በዚህም ልጆች ያለ ወላጅ ቀርተዋል።

ከጉዛራ ላይ ሆናችሁ ወደ ሐይቁ ሰሜን አቅጣጫ ስታዩ ያለው ሜዳ ደምቢያ ነው። በ1953 የወባ ወረርሽኝ በዚያ ሜዳ ሺዎችን ጨረሰ። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ያደገ ነው። በዚያ ዘመን በየጎጆው ስንት ጸሎት እንደ ተጸለየ አስቡ። ለጸሎቱ የመጣው መልስ ኮሌጁም ጭምር ነው ብል የሚከፋው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን እላለሁ።

ስለዚህ ታሞ ያለውን በቤታችሁ አስቀምጡ፤ ሽማግሌዎቹን ጥሩ፣ ዘይት ቀቡት፣ በስሙ ጸልዩ (ያዕቆብ 5፡14)፤ አትፍሩ። ደህና ነኝ ካለም ደስ ይበላችሁ፤ ግን በማግሥቱ ወደ ሐኪም ውሰዱት፣ ይመርመር። ጌታ አሥሩን ለምጻሞች ሲያነጻ ሄደው ራሳቸውን ለካህን እንዲያሳዩ አዘዛቸው (ሉቃስ 17፡14)፤ በዚያ ዘመን የቆዳውን ደዌ አይቶ ነጽቷል የሚለው ካህኑ ነበር። መንገድ ላይ ሳሉ ነጹ፤ አንዱም ሳምራዊው ለማመስገን ተመለሰ።