ሐኪምነቱን የደበቀው ተዋናይ

የካምቦዲያ ኮሚኒስት አማፂያን የክመር ሩዥ ተዋጊዎች ዋና ከተማዋ ፕኖም ፔን ሲገቡ፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1975 እ.ኤ.አ.፣ ሃይንግ ንጎር ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነበር። የማህፀንና የጽንስ ሐኪም ነው። ሐኪሙ የት እንዳለ ሲጠይቁት «ወጥቷል» ብሎ ዋሸ፤ በሽተኛውን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ሸሸ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «የታክሲ ሾፌር ነበርኩ» እያለ ኖረ። የተማረ ሰው ይገደል ነበርና መነጽሩን እንኳ ደበቀ።

ጠርጥረው ሦስት ጊዜ አሰሩት፤ አሠቃዩት፤ ጣቱን ቆረጡት። በግለ ታሪኩ ይህን ሳያለሳልስ ይጽፈዋል። እኔን አላሳልፍ ያለኝ ግን የ1978ቱ ምዕራፍ ነው።

ባለቤቱ ሁዎይ ነፍሰ ጡር ነበረች። ረሃብ አክስቷታል። ምጡ ያለ ጊዜው መጣና ጸናባት። በኦፕራሲዮን መውለድ እንዳለባት ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ በአካባቢው አልነበረም፤ ሙያው ነው። መሣሪያ የለም፣ መድኃኒት የለም። ቢሞክር ደግሞ ሐኪምነቱ ይታወቃል፤ ከታወቀ ሁለቱም ይገደላሉ። እያያት ሞተች፤ ልጃቸውም አልተረፈም። ይህን መጻፍ ምን ያህል ድፍረት ይጠይቃል! ጀግና የሚያሰኘውን ብቻ መርጦ ቢተርክ ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር?

በ1979 የቬትናም ጦር ክመር ሩዥን ከሥልጣን ሲያባርር ወደ ታይላንድ ተሻገረ። በስደተኞች ካምፕ እንደገና ማከም ጀመረ፤ በ1980 አሜሪካ ገባ። ትወና ተምሮ የማያውቀው ሰው «ዘ ኪሊንግ ፊልድስ» በተባለው ፊልም ላይ ከክመር ሩዥ የተረፈውን ካምቦዲያዊ ጋዜጠኛ ዲት ፕራንን ሆኖ ተጫወተ፤ በ1985 በምርጥ ረዳት ተዋናይነት ኦስካር ተሸለመ። ሽልማቱ ይገባዋል፤ የተጫወተው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። ሁዎይ በፊልሙ ውስጥ የለችም። እሷን የምናገኛት በ1987 በታተመው መጽሐፉ ነው፤ ስለዚህም መጽሐፉን ከፊልሙ አስበልጬ እይዘዋለሁ።

መጽሐፉ ሲወጣ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የካምቦዲያን ወንበር የያዘው ክመር ሩዥ ያለበት ጥምረት ነበር። በክመር ሩዥ አገዛዝ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ንጎር የመሰከረው ገዳዮቹ ገና የዲፕሎማት ክብር ሳይነፈጉ ነው። በ1996 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ቤቱ ደጃፍ ላይ ተገደለ። የክመር ሩዥ መሪዎችን ለመዳኘት በፕኖም ፔን የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት የመጀመሪያውን ብይን የሰጠው በ2010 ነው።