አልጠፋም ያለው ፎልደር

ሰው ከሰው ይጣላል፤ እኔ ግን ከፎልደር ጋር ተጣልቼ ዐውቃለሁ። ይህን ሰምቶ የሚስቅ አንባቢ ቢኖር፥ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ «አይቻልም» የተባለበት ቀን ገና አልደረሰበትም ማለት ነው።

በባሕር ዳር፥ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ከተቀጠርሁ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር። በክፍላችን የሁላችንም ፋይል የሚቀመጥበት አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነበረ፤ ሌሎቻችን በየጠረጴዛችን ሆነን በኔትወርክ እየገባን እንሠራበታለን። አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ዲስኩ ሞላና አንዲት ደብዳቤ እንኳ አልቀበልም አለ። አለቃችንም «አንተ ልጅ፥ እስቲ የማይፈለገውን ጠራርግልን» አሉኝ። በመሥሪያ ቤት ከሁሉ ወጣት የሆነ ሰው የኮምፒዩተር ዐዋቂ ተደርጎ ይቈጠራልና፥ እኔም ራሴን እንደዚያው ቈጠርሁ።

የሠርግ ፎቶግራፉን፥ ዘፈኑን፥ ሦስት ቦታ ኮፒ የተደረገውን ቃለ ጉባኤ ጠረግሁት። ከዚህ በኋላ «የበጀት ዓመቱ የመጀመሪያ ሩብ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የተስተካከለ የመጨረሻ» የሚል ፎልደር ገጠመኝ፤ በውስጡ ይህንኑ የሚያህል ስም ያለው ሌላ ፎልደር፥ በእርሱም ውስጥ ሌላ። ይህም አልጠፋም አለ፤ ምክንያቱን ግን ዐውቀው ነበር። ዊንዶውስ ከዲስኩ ስም ጀምሮ እስከ ፋይሉ ስም መጨረሻ ያለውን አድራሻ በልማድ የሚያስተናግደው እስከ 260 ፊደል ድረስ ነው፤ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ደግሞ ስም ስናወጣ እጃችን አያጥርም። የውጭውን ፎልደር «ሀ»፥ የውስጡን «ለ» ብዬ ስማቸውን ለወጥሁ። አድራሻው አጠረና ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠፋ። በዚህች ድል ልቤ አበጠ።

ቀጥሎ የመጣው ፎልደር ስሙ አጭር ነበር፤ «ልዩ ልዩ» ይላል። ላጠፋው ብሞክር፥ በውስጡ ያለ ፋይል በሌላ ፕሮግራም ተከፍቷልና ዘግተህ እንደገና ሞክር የሚል መልእክት አወጣ። ብሞክር፥ ብደጋግም፥ ያው ነው።

ይህ መልእክት እልኸኝነት እንዳልነበረ አሁን ገብቶኛል። ዊንዶውስ አንዱ የያዘውን ፋይል ከእጁ ነጥቆ አያጠፋም። (ሊኑክስ የሚባለው በዚህ ይለያል፤ ስሙን ወዲያው ይሰርዝና፥ ይዘቱን ግን የያዘው ፕሮግራም እስኪለቀው ድረስ ያቈየዋል።) ያዡ ሁልጊዜ ሰው ላይሆን ይችላል። ጸረ ቫይረሱ እየመረመረው ይሆናል፤ ወይም አንተው ራስህ የከፈትኸው መስኮት ይሆናል፥ ደጃፍ ላይ ቆሞ በሩን ልዝጋ እንደሚል ሰው። ማን እንደ ያዘው መጠየቂያም አለ። በሪሶርስ ሞኒተር ውስጥ ስሙን ጽፈው ቢፈልጉ የያዘውን ፕሮግራም ይነግራል፤ በኔትወርክ የተከፈተ እንደ ሆነም በኮምፒዩተር ማኔጅመንት ውስጥ፥ ከሼርድ ፎልደርስ ሥር፥ የከፈተው ተጠቃሚ ስም ይታያል። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ግን አልጠየቅሁም። ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አልፎ ሰው ሁሉ ወጥቶ ነበርና፥ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አደረግሁት።

ሲነሣ ያዡ እጁን ለቅቆ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ላለው አንድ ንዑስ ፎልደር ሌላ መልእክት መጣ፤ ለማጥፋት የባለቤቱ ፈቃድ ያስፈልግሃል የሚል። ለጣና ዳር ሰው ይህ አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። የብራና ጸሐፊ ሲሳሳት የገዛ ጽሑፉን በቢላዋ ይፍቃል፤ መጽሐፉ ተፈጽሞ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ ግን የሰረቀውም የፋቀውም እንዲወገዝ በብዙዎቹ መጻሕፍት ላይ ተጽፎ ይገኛል። የብራናው ግዝት ያስፈራል። የዊንዶውሱ ግዝት ግን ለአስተዳዳሪ ይፈታል፤ የአስተዳዳሪውም የይለፍ ቃል በክፍላችን ኪቦርድ ሥር ተለጥፎ ይኖር ነበር። ቴክኦን በሚባለው ትእዛዝ ባለቤትነቱን ወደ ራሴ አዛወርሁ፤ አይካክልስ በሚባለው ለራሴ ሙሉ ሥልጣን ሰጠሁ። ሪሳይክል ቢን ቢገባ ቦታ አያስለቅቅምና፥ ሺፍትን ይዤ ዲሊትን ተጫንሁ። ከዚያም በዘንባባዎቹ ሥር እያፏጨሁ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግሥቱ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሁሉ ደኅና ነበር። በአራት ሰዓት፥ እትዬ ብለን የምንጠራቸው ትልቋ ባልደረባችን «ልጆች፥ የዘጌዋ እናት ማስረጃ ወዴት ሄደ?» አሉ።

ማስረጃው ሰባት ደብዳቤ ነበር፤ የቅጥር፥ የዝውውር፥ የደመወዝ ጭማሪ። ባላቸው በመንግሥት ሥራ ላይ ሳሉ ያረፉባቸው አንዲት እናት ለጡረታ ጉዳይ ከዘጌ በጀልባ እየተመላለሱ ያመጡት ነው። እትዬ ስካን አድርገው ዋናዎቹን መልሰውላቸዋል። ከእነርሱም አንዱ፥ የሁለት ዓመት አገልግሎት የሚያስረዳው የዝውውር ደብዳቤ፥ ፊትም በእጥፋቱ ተበልቶ ነበርና፥ በክረምቱ ዝናብ ጭራሽ ተበጣጥሷል። የቀረው በእኛ ኮምፒዩተር ያለው ብቻ ነበር።

ጉሮሮዬ ደረቀ። «እኔ ነኝ» አልሁ።

እትዬ አልተቈጡም፤ ቢቈጡ ይሻለኝ ነበር። «ተይዟል ሲልህ የያዝሁት እኮ እኔ ነበርሁ። ኮምፒዩተሬን ሳልዘጋ ሄጄ ነው። እስከ ጧት ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ሰምቼ ነበር። የጠፋ ፋይል ወዲያው አይደመሰስም፤ ቦታው ክፍት ነው ተብሎ ይመዘገባል እንጂ፥ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ይዘቱ እዚያው ይቈያል። ሮጬ ሶኬቱን ነቀልሁና ዲስኩን ከተማ ወዳለ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ይዤ ሄድሁ። አዲሶቹ ኤስኤስዲ ዲስኮች የተለቀቀውን ቦታ ራሳቸው ስለሚያጸዱ ተስፋቸው የመነመነ ነው፤ የእኛ የሚሽከረከረው አሮጌው ዓይነት መሆኑ በጀ። ጠጋኙ ከራሱ ኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ማስመለሻ ፕሮግራም አስነሣ።

ፕሮግራሙ ሰዓታት ስለ ፈጀ፥ ጠጋኙ የአንድ ተማሪ ፍላሽ እየጠገነ ያጫውተኝ ነበር። በዚያ ውስጥ ያለው ፎልደር ሲያጠፉት ይጠፋል፥ ወዲያው ተመልሶ ይመጣል። «ይህ እንደ እምቦጫችን ነው» አለኝ። እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2011 ነው፤ ስንት ሰው በእጁ ነቅሎታል፥ ከተረፈው ቍራጭና ከጭቃው ውስጥ ካለው ዘር ግን እንደገና ይበቅላል። የፍላሹም ቫይረስ እውነተኛውን ፎልደር ደብቆ በስሙ ሾርትከት ይተክላል፤ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም ሳያስቆሙ ሾርትከቱን ብቻ ቢያጠፉ ድካም ነው።

ወደ ማታ ስድስቱ ደብዳቤዎች ተመለሱ፤ ስማቸው ጠፍቶ በቍጥር ብቻ ተሰይመው። ሰባተኛው ሲከፈት ከላይ እስከ ወገቡ ደኅና ነው፤ ከዚያ በታች፥ ፊርማውና ማኅተሙ በነበሩበት፥ ግራጫ ብቻ። በዚያ ጧት ባልደረቦቼ ደብዳቤያቸውን ሲጽፉ የዋሉት እኔው ባስለቀቅሁት ቦታ ላይ ነበር። ያ የዝውውር ደብዳቤ ነው።

ኀሙስ እናቲቱ መጡ። ሁሉን ነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፥ የእኔን ወረቀት ዝናብ በላው፤ የእናንተንስ ምን በላው?» አሉኝ።

ደብዳቤውን ቀድሞ ለጻፈው መሥሪያ ቤት ግልባጩን እንዲልክልን ጻፍን፤ ሦስት ወር ፈጀ። እናቲቱ በእነዚያ ወራት አራት ጊዜ ተመላልሰዋል፤ አራቱንም ጊዜ እስከ ጀልባው ሸኘኋቸው። ግልባጩ የመጣ ዕለት እንዲያነቡት በእጃቸው ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት፤ ማኅተሙን በጣታቸው ዳሰሱት። ስካን ለማድረግ እጄን ስዘረጋ በእኔ በኩል አልፈው ለእትዬ ሰጧቸው።