ካያክ ከመግዛታችሁ በፊት ተገልበጡ

ባለፈው ሳምንት የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ «ቲቸር፣ ደግሞ ጀልባ ጀመሩ?» ብላችሁ የሳቃችሁብኝ ሁሉ፣ አዎ ጀምሬያለሁ። በውስጥ መስመር ደግሞ ሁለት ወዳጆቼ «ባህር ላይ ብቻዬንም ከቤተሰብ ጋርም የምቀዝፍበት ካያክ የትኛው ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። መልሱ ስለረዘመ እዚሁ ልጻፈው።

መጀመሪያ ኑዛዜ። ባህር ዳር አርኪሜዲስን ሳስተምራችሁ፣ ዕቃ ለምን እንደሚንሳፈፍ በጠመኔ እየሣልኩ ሳስረዳ፣ እኔ ራሴ መዋኘት አልችልም ነበር። ጣና አጠገብ አድጌ! ዋና የተማርኩት እዚህ ሲያትል፣ በ41 ዓመቴ፣ ከልጄ ጋር አንድ ገንዳ ውስጥ ነው። እሷ በሁለት ወር ጨረሰች፤ እኔ ዓመት ፈጀብኝ።

ካያክ ያማረኝ ከዚያ በኋላ ነው። ፑጀት ሳውንድ ጠዋት ሲረጋ መስታወት ነው፤ ያየው ያውቀዋል። ዓይኔ ያረፈው 5 ሜትር ገደማ በሚረዝም፣ ቀጭን፣ እግርህን ወደ ውስጥ ዘርግተህ በምትቀመጥበት የባህር ካያክ ላይ ነበር። ፈጣን ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ከፊትና ከኋላ ውሃ የማያስገቡ የተዘጉ ክፍሎች ስላሉት መቀመጫው በውሃ ቢሞላም ይንሳፈፋል። ግን የአንድ ሰው ነው። «እኛስ?» አለች ባለቤቴ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

እሺ፣ የሁለት ሰው ይሁን፤ ብቻዬን ስሆን ከኋላ ወንበር ላይ ሆኜ እቀዝፈዋለሁ አልኩ። ለሙከራ አንድ ቀን ተከራይቼ ከጎልደን ጋርደንስ ዳርቻ ብቻዬን ወጣሁ። ስወጣ ቅጠል አይንቀሳቀስም ነበር። ከሰዓት በኋላ ከሰሜን ነፋስ ተነሣ። ሰመር ላይ የተለመደ ነው፤ ትንበያውን ግን ማን አይቶት! ፊዚክስ መምህሩን የቀጣው እዚህ ላይ ነው። ክብደቴ ሁሉ ኋላ ስለሆነ የካያኩ አፍንጫ ከውሃ ብድግ ብሎ ነፋሱን እንደ ሸራ ይቀበላል። ወደ ሰሜን ሳዞረው፣ ነፋሱ መልሶ ወደ ደቡብ ያዞረዋል። ሃያ ደቂቃ ያህል ታገልኩ፤ የተነሣሁበት ዳርቻ እየራቀ ሄደ እንጂ አልቀረበም። በመጨረሻ መታገሌን ትቼ ከነፋሱ ጋር እየቀዘፍኩ በስተደቡብ ካለው የጀልባ ማቆሚያ የድንጋይ ግንብ ጀርባ ገባሁ። አንድ ነጭ ሽማግሌ ገመድ ወረወሩልኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገመዱን መያዝ አቃተኝ።

ለባለቤቴ የነገርኳት ማታ፣ ልጅቷ ከተኛች በኋላ ነው። ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ብትገለበጥ ኖሮ እንዴት ትመለስበት ነበር?» አለችኝ። ዝም አልኩ። «ልጅቷ አብራህ ብትሆንስ?»

ስለ ርዝመት፣ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀለም ሁሉ አንብቤ ነበር። ይህን ግን አላሰብኩበትም። የሳውንዱ ውሃ እኮ ሰመርም ቢሆን 13 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድንገት ስትገባበት ትንፋሽህ ይቆራረጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ስትቆይ ደግሞ ጣቶችህ አልታዘዝ ይሉሃል። እዚያ ውስጥ ሆነህ «እስቲ እንዴት ነበር የሚወጣው?» አትልም።

ስለዚህ ኦገስት ላይ፣ ውሃው ሞቅ ሲል፣ ሦስታችንም ላይፍ ጃኬት አጥብቀን ሌክ ዋሽንግተን ሄድንና ሁለት ዓይነት ካያክ ተከራይተን ሆን ብለን ተገለበጥን። መጀመሪያ እግር ወደ ውስጥ የሚገባበትን የሁለት ሰው ካያክ። ቀና ስናደርገው ሆዱ ውሃ ሞልቷል፣ ከብዷል፤ እኔ ስወጣበት ይወዛወዛል፣ ባለቤቴ ስትንጠለጠል መልሶ ይገለበጣል። ሥልጠና የወሰደ ሰው በዘዴ ይመለስበታል። እኛ አልቻልንም። አራት ጊዜ ሞክረን ወደ ዳር ጎተትነው።

ቀጥሎ ከላዩ ላይ የሚቀመጡበትን፣ ክፍቱን ዓይነት ሞከርን። ሰፊ ነው፤ የገባው ውሃ በራሱ ቀዳዳዎች ይወርዳል። የ9 ዓመቷ ልጄ እንደ ድመት ዘላ ወጣች። ባለቤቴ በሦስተኛው ሙከራ በሆዷ ተሳበች፣ ተገላበጠች፣ ተቀመጠች፤ ከዚያ እኔን ታዘኝ ጀመር። ከሁሉም የተቸገርኩት ሆዴን የማውቀው እኔ ነኝ።

እሱን ዓይነት ገዛን፣ ያገለገለ። 12 ጫማ ነው። ዋናው ነገር ወንበሩ ይነቀላል፤ ብቻዬን ስወጣ መሐል ላይ አስረዋለሁ፣ አፍንጫውም ውሃው ላይ ይተኛል። ሦስት ስንሆን ልጅቷ መሐል ትቀመጣለች። መሐል መቀመጫ የሌለውን የሁለት ሰው ካያክ ብቻዬን እቀዝፈዋለሁ የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። የጭነት ልኩንም እዩ፤ የቤተሰቡን ክብደት ደምራችሁ ልኩ ጋ ከደረሰ ተዉት፤ ውሃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ ካያክ ሞገድ ሁሉ ይወጣበታል። ደግሞ ከመኪና ጣሪያ ብቻችሁን ማውረድ መቻላችሁን ሱቁ ውስጥ ሞክሩ። የእኛው ወደ 27 ኪሎ ነው፤ ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ባልገዛ ኖሮ ወገቤ ዛሬ የለም።

እውነቱን ለመናገር ቀርፋፋ ነው። ቂጥ ሁሌ እርጥብ ነው፣ ዌትሱት ይፈልጋል። ቤይንብሪጅ ደሴት ድረስ ልሻገርበት አላስብም፤ ዳር ዳሩን ነው የምንሄደው። ያ ቀጭኑ ካያክ በአጠገቤ ሲያልፍ አሁንም አንገቴ ይዞራል።

አንድ ቀን ዳር ላይ ሆኜ ሳየው ግን የጣና ታንኳ ትዝ አለኝ። ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳም ክፍት ነው፤ የገባው ውሃ በደንገሉ መሐል ሾልኮ ይወርዳል። ልጅ ሆኜ ስንቴ አይቼው፣ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ምሳሌ አድርጌው አላውቅም። የእንጨት ኪዩብ ነበር የምሥልላችሁ!

ባለቤቴ አሁን ሕግ አውጥታለች፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው ቀን የመገልበጥ ቀን ነው፣ ሐይቁ ላይ። ልጅቷ ከልደቷ በላይ ነው የምትጠብቀው። ሲያትል ያላችሁና ለመግዛት የምታስቡ፣ ኦገስት ላይ ብቅ በሉ፤ በነጻ እንገለብጣችኋለን። ቅያሪ ልብስ ያዙ።